ማዘርን ነገ ጠዋት እናጠፋታለን

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ ከጎረቤት ከምትሰሙት። እባብ እፈራለሁ። ጎርፍ እፈራለሁ። የማላውቀው መኪና ደጄ ሲቆም እፈራለሁ። ስልክ ሲጠራ እፈራለሁ፣ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንች እኮ ጥላሽ ሲከተልሽ እንኳ ማን ነው ብለሽ ትዞሪያለሽ» ይለኝ ነበር። እሱ መቀለዱ ነው፤ እኔ ግን እውነትም እዞራለሁ። በዚህ ቆላ አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ካልዞረች ማን ይዙር?

ስለዚህ ባለፈው ግንቦት የሆነውን ሳወራችሁ «እኔ ብሆን አልደነግጥም» የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ እዚህ ሽንፋ መንገድ ዳር ካለው ግቢዬ መጥታችሁ አንድ ቀን ዋሉ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ስትመጡም በግንቦት ኑ። ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ እጃችሁን እስከ ክርን ሲውጥ፣ ዶሮዋ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ስታለከልክ፣ ያኔ ጀግንነታችሁን ታወሩኛላችሁ።

ግቢዬ ውስጥ ሻይና ከርከዴ እሸጣለሁ። ከርከዴ ያ ከሱዳን የሚመጣው ቀይ አበባ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ ስኳር ገብቶበት፣ ቀዝቅዞ ሲጠጣ በዚህ ሙቀት ነፍስ ይመልሳል። ደንበኞቼ ከጎጃምና ከወሎ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱት ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ አንዳንዴም ከመተማ ዮሐንስ ዕቃ ጭነው የሚያልፉ ነጋዴዎች ናቸው። ሚያዝያ ላይ ታዲያ ሦስት አዳዲስ ደንበኞች መጡልኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው ተባለ።

ሦስቱም ዶክተር ናቸው። መደናገሩ የጀመረው ከዚህ ነው።

እኛ ዶክተር የምንለው መርፌ የሚወጋውን ነው። ሦስት ዶክተር ገባ ሲባል መንደሩ በሙሉ የከረመ በሽታውን ተሸክሞ ግቢዬን ሞላው። ገበየሁ የሚባል አንድ የጎጃም ሰው አለ፤ በየዓመቱ ለምንጠራና ለአረም ይወርዳል፣ ሻዬን ሳይጠጣ አይውልም። እሱ ቀድሞ ሄዶ ለሴቷ ዶክተር አፉን ከፈተላት። መንጋጋው ነው። እሷም ጨዋ ናትና ጎንበስ ብላ አየችለትና «አባቴ፣ እኔ እኮ የአፈር ነኝ» አለችው።

«እኔስ የምን ነኝ ልጄ?» አላት ገበየሁ አፉን ሳይዘጋ። «ሁላችንም የአፈር ነን። እስከዚያው ግን ጥርሴን ንቀይልኝ።»

የእሷ ዶክተርነት ለአፈርና ለዛፍ፣ ለሙቀትና ለዝናብ መሆኑን የተረዳነው ከስንት ማብራሪያ በኋላ ነው። እኔም ከገበየሁ አልተሻልኩም። ጉልበቴን ገልጬ ያሳየሁት ለሌላኛው ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ኪሱ ሁሉ ሽቦ የሆነ ልጅ። ጉልበቴን አንዴ አሳጥፎ፣ አንዴ አዘርግቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «ማዘር፣ ይሄ የሚፈልገው ግራሶ ነው» አለኝ። መሐንዲስ ነው ለካ።

ሕክምናው ያለው ከሦስተኛው ዘንድ ብቻ ነበር፤ ዝም ያለ፣ ቃል እየቆጠረ የሚያወራ ሰው። ዝም የሚል ሐኪም ደግሞ እፈራለሁ።

ሦስቱ አንድ ላይ የመጡት ለካላዛር ነው። እዚህ አገር ካላዛርን የማያውቅ የለም። የማይለቅ ትኩሳት ነው፤ ሰውነት እየከሳ ጣፊያ እያበጠ ሆድ ይነፋል፣ ካልታከሙት ይገድላል። የምታመጣው ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት፤ ቀን ቀን ከመሬቱ ስንጥቅና ከምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች አሉን። የአፈሯ ዶክተር ስንጥቁን በሜትር ትለካለች። ሐኪሙ ከግቢ ግቢ እየዞረ የልጆችን ሆድ ይዳስሳል፣ ደም ይወስዳል። መሐንዲሱ ደግሞ የመሬቱን ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ ትንንሽ ሳጥኖች ከየዛፉ ሥርና ከየኩይሳው ጥግ ይተክላል። ትንንሾቹን ጨርሶ አንድ ትልቅ ሳጥን ቀረው።

«ማዘር፣ ግቢዎ መሀል ላይ ነው። ይቺን ግድግዳዎ ላይ ብንሰቅላት ቅር ይልዎታል?» አለኝ።

«ትፈነዳለች?»

«አትፈነዳም።»

«እንግዲያው ስቀላት።»

ማዘር ማለቱ አልገረመኝም። ከተማ ያደገ ሁሉ ማዘር ነው የሚለኝ፤ ሾፌሩም፣ የባጃጁም ልጅ። ስሜን የሚያስታውስልኝ የቀበሌ መዝገብ ብቻ ነው።

ልጆቼ አራት ናቸው አልኳችሁ። ትልቋ ገንዳ ውሃ ተድራለች። ሁለተኛው መተማ ዮሐንስ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ሦስተኛዋ ብርቱካን ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። አራተኛዋ ማስተዋል ገና ጥርሷን እየቀየረች ነው። ከእኔ ጋር ያሉት ሁለቱ ትንንሾቹ ናቸው። ብርቱካን ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ ትኩሳት ሄድ መጣ ይልባት ነበር። ወባ ነው አልኩ፣ ክኒን ሰጠኋት። ከሳች፤ ቁመት እየጣለች ነው አልኩ። መብል እምቢ አለች፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። እናት ስትፈራ ለሁሉም ነገር መልስ አላት።

ተራው እኛ ግቢ ሲደርስ ሐኪሙ ማስተዋልን ነካ ነካ አድርጎ አሳለፋት። ብርቱካን ሆድ ላይ ግን እጁ ቆየ። ደሟን በሁለት ብልቃጥ ወሰደና «ገንዳ ውሃ ልኬ አስመርምሬ ነገ እናወራለን፣ ማዘር» አለኝ። እሷ «አስወጋሽኝ» ብላ ተቀይማ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናግርሽም አለችኝ። እኔም «ነገ እናወራለን» የምትለውን ቃል እንደ ጋለ ድንጋይ ይዤ ዋልኩ፣ ይዤ አደርኩ። ምን ማለት ነው ነገ? ጥሩ ወሬ ከሆነ ለምን ዛሬ አይወራም?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉዱ መጣ።

በእኛ መንደር ስልክ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቤቴ ጀርባ ካለው ትልቅ ኩይሳ አናት። ምስጢር ያለው ሰው እዚያ ይወጣና ይጮሃል፣ መንደሩ በሙሉ ይሰማል፣ ሁሉም እንዳልሰማ ይሆናል። ደንባችን ነው። የማን ትዳር እንደተናጋ፣ የማን ልጅ ሱዳን እንደገባ የምናውቀው ከኩይሳው ነው፤ ግን ማንም ለማንም አውቃለሁ አይልም። እኔ ከርከዴ እያጠለልኩ ነበር። መሐንዲሱ ኩይሳው ላይ ወጣና ጎንደር ላለ ባልደረባው ደወለ።

«ሄሎ፣ ይሰማል? … አዎ፣ ማዘር ደህና ናት። ያስቸገረችን ሦስተኛዋ ልጅ ናት።»

እጄ ቆመ።

«ከትናንት ጀምሮ ከማዘር ጋር አትነጋገርም። … ፍጹም ዝም። ሙቀቷ አርባ አምስት ገብቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ደከመች።»

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ «አርባ ሲገባ ይዛችሁ ሩጡ» ብላ አስተምራናለች። አርባ አምስት የሚባል ትኩሳት መኖሩንም አላውቅም ነበር።

«አይ፣ እዚህ አትድንም። ውስጧ ምስጥ ገብቷል። … እውነቴን ነው፣ ከፍቼ አየኋት እኮ፣ ግማሽ ሆዷን በልቶታል።»

ምስጥ በሰው ሆድ ይገባል ሲባል እንዴት አመንሽ ትሉኝ ይሆናል። ከመሬት ስንጥቅ የምትወጣ ዝንብ ጣፊያ ታሳብጣለች ሲሉን አምነን የለም ወይ? ዝንቧን ያመንኩ ሴት ምስጡ ላይ ምን ብዬ ልከራከር? እኔን ያስጨነቀኝ መቼ ከፍቶ እንዳያት ነው።

«በቃ ተወው» አለ መሐንዲሱ። «ነገ ጠዋት ማዘርን እናጠፋታለን፣ ልጆቹን በማዳበሪያ ሰብስበን ይዘናቸው እንመጣለን።»

ማጥለያው ከእጄ ወደቀ። ከርከዴው ለማጠብ ባወጣሁት ነጠላ ላይ ፈሰሰ፣ ነጠላው ደም መሰለ። የእኔው ነው አልኩ በልቤ፤ ከነገ ቀድሞ መጣ።

ገበየሁ አግዳሚው ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ዓይኑ ፈጦ ብርጭቆው ውስጥ ያያል።

«ሰማህ?» አልኩት።

«እኔ ምን እሰማለሁ» አለ እንደ ደንቡ።

«ገበየሁ፣ ዛሬ ደንቡን ተወው።»

«ሰማሁ እንግዴህ» አለ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «ማጥፋት አለ።»

«ምናልባት ሌላ ማዘር ይሆናል።»

«ከየት መጥታ? ሌላውን ሴት ሁሉ እማማ ነው የሚሉ። ማዘር አንች ብቻ ነሽ።»

አያችሁ፣ ገበየሁ ሰው ማጽናናት አይችልበትም። ተነሥቶ ዱላውን አነሣና ጓደኞቹን ሊጠራ ወጣ። እኔም ማስተዋልን በአንድ እጄ ይዤ ከጥላው ሥር ወደተኛችው ብርቱካን ሮጥኩ።

«ተነሽ።»

«አላናግርሽም ብያለሁ።»

«አታናግሪኝ። ግን ተነሽ።»

ልትነሣ ሞከረች፣ እግሯ ከዳት። አዘልኳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ግን እንደ ላባ ቀለለችኝ። መቅለሏ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ በዚያ ሰዓት ደስ አለኝ፤ እሮጥባታለሁ ብዬ።

ከመንገዱ ማዶ የሐጅ እድሪስ ሱቅ አለ። ሐጅ ዕድሜያቸውን ሁሉ በጠረፍ ንግድ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ሲከብዳቸው ዐረብኛው ይቀድማቸዋል። ነገርኳቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝና «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የተማረ ሰው እንዲህ አያደርግም። ቆይ፣ እኔ በዘዴ እጠይቀዋለሁ» አሉ። እኛን ከሱቁ ጓዳ፣ ከማሽላ ጆንያና ከሳሙና ካርቶን መሀል አስገብተው ወጡ።

ተመልሰው ሲመጡ መልካቸው ሌላ ነው። ማንንም የማያስቀምጡበት የስኳር ጆንያ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ጠየቁት?»

«ጠየቅሁት። ‹ማዘርን ነገ ታጠፏታላችሁ አሉ› አልኩት። ሳቅ ብሎ ‹አዎ ሐጅ፣ ይበቃታል፤ ወር ሙሉ ቀን ከሌት ሠርታለች› አለኝ።»

«ሳቀ?»

«ወላሂ ሳቀ። ‹ልጆቿስ?› አልኩት። ‹እንፈታታቸዋለን፤ ደህና ደህናውን አውጥተን ለሌላ እናደርገዋለን› አለ።»

«ማስተዋልንም?»

«ስም አልጠራም። እኔም ‹መንደሩ ቅር አይለውም ወይ?› አልኩት። ‹ግድ የለም፣ ለክረምት ሌላ ማዘር ይዘንላችሁ እንመጣለን፣ ከዚች በጣም የተሻለች› አለኝ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ኃጢአት ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከመጥፋቴ ይልቅ ያቺ «የተሻለች» የምትለዋ ቃል አንገበገበችኝ። በምኔ? ከርከዴዬን እየጠጣ፣ ጉልበቴን እያየ?

ምክር ያዝን። የገንዳ ውሃው ባጃጅ ሲመለስ በጓሮ በኩል ወጥተን ትልቋ ልጄ ዘንድ እንድናመልጥ ተስማማን። ባጃጁ ግን አይመለስም። ጓዳው ቆርቆሮ ነው፣ እንደ ምድጃ ነዷል፤ በርበሬው አፍንጫ ይቆርጣል። ብርቱካን ጭኔ ላይ ናት። የእሷ ሙቀት ከቆርቆሮው ይብሳል። አርባ አምስት፣ እላለሁ በልቤ። ሆዷን ልነካ እጄን እሰዳለሁ፣ ምስጡን እፈራና እመልሳለሁ።

እንዲያ እያለን የሐኪሙን ድምፅ ከሱቁ በር ሰማሁ።

«ሐጅ፣ ማዘርን አይተዋታል? ቤቷ የለችም።»

«አላየሁም» አሉ ሐጅ። ከሐጅ ጉዟቸው ከተመለሱ ወዲህ ዋሽተው አያውቁም።

«ካገኟት ይንገሩልኝ። ብርቱካንን ዛሬውኑ መውሰድ አለብን። ለነገ መቆየት የለባትም።»

ብርቱካን ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። «እማ፣ ሐኪሙ እኮ ነው። ልሂ…»

አፏን በመዳፌ ያዝኩት። ትንፋሿ መዳፌን አቃጠለው። ሐኪሙ ትንሽ ቆመ፤ ጫማው ጠጠሩን ሲያንቀሳቅስ ይሰማኛል። ከዚያ «ማዘር፣ ማዘር» እያለ እየተጣራ ወደ ቤቴ ተመለሰ። እኔም አመለጥን ብዬ ተነፈስኩ።

ገበየሁ በበኩሉ ሥራውን ይዟል። ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ በተመራማሪዎቹ መኪና ጎማ ፊትና ኋላ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ «ተነሡ» ሲላቸው «ጥላው ተስማምቶናል» ይላሉ። ሊዞር ቢል ዞረው ይቀመጣሉ። መንደሩም እየወጣ ከበበ። ሐጅ ይሄ ነገር ወደ ዱላ ሳይሄድ በንግግር ይለቅ ብለው ሦስቱንም ሱቃቸው በረንዳ ላይ አስቀመጧቸው። እኔ በመስኮቱ ቀዳዳ አያለሁ።

«ልጄ» አሉ ሐጅ መሐንዲሱን፤ «ማዘርን አጠፋለሁ ብለሃል። ከአፍህ ሰምቻለሁ።»

«አዎ ሐጅ» አለ እሱ ግራ ገብቶት። «ምን ችግር አለው? የኛው ናት እኮ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጎንደር ነው ያመጣናት።»

«ሐሰት ነው» አለ ገበየሁ። «እሷ የደንቢያ ልጅ ናት፤ አባቷን ጠይቄ አውቃለሁ።»

«እኔ ራሴ ነኝ የሠራኋት፣ አባቴ።»

ልጁ ሃያዎቹን ያልጨረሰ፣ እኔ ደግሞ ሽበቴን በሻሽ የምሸፍን። ገበየሁ ከራስ እስከ እግሩ አየውና «መቼ?» አለው።

የአፈሯ ዶክተር ቀድማ ነቃች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። መሐንዲሱን ጎተት አድርጋ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ መልኩ አመድ ሆነ። ተነሥቶ እየሮጠ ወደ ቤቴ ሄደና ያን ትልቅ ሳጥን ከግድግዳዬ ነቅሎ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፏል።

ከጓዳው ወጣሁ። ማሽላና በርበሬ ጸጉሬ ላይ ተነስንሶ ነበር አሉኝ። ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ ጊዜ ይውሰድብኝ እንጂ አነባለሁ። ጣቴን አስኬድኩበት። ማ። ዘ። ር።

«ትንንሾቹ የሚለኩትን ወደ እሷ ይልካሉ» አለ መሐንዲሱ ላቡን እየጠረገ። «ለዚያ ነው ማዘር ያልናት። ትንንሾቹን ልጆች እንላቸዋለን። ሦስተኛዋ ተበላሸች፣ ምስጥ ገብቶባት። ማጥፋት ያልኩት ማብሪያ ማጥፊያዋን ነው።»

የተሳቀውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ሐጅ ስኳሩ ላይ ተጋደሙ። ገበየሁ መንጋጋውን ይዞ እየጮኸ ሳቀ። ከሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ። ሞት ቀርቶላት የማትስቅ ማን አለች? መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም። አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ማዘር፣ ልጅቷ ታማለች። ዛሬውኑ ሕክምና መጀመር አለባት።»

«የትኛዋ?» አልኩት፣ ሳቁ ገና ሳይለቀኝ። «ምስጥ የገባባት?»

«ብርቱካን» አለ።

ሳቅ አፍ ላይ ደርቆ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አወቅሁ። ፊቴ የሳቀ ሰው ፊት እንደሆነ ቀረ፣ ከውስጥ ግን ሁሉ ነገር ወርዷል። የደሟ ውጤት በጠዋት ነው የመጣው። ካላዛር ነው። ደሟ አልቋል፣ ጣፊያዋ እስከ እምብርቷ ደርሷል።

«ከጠዋት ጀምሮ ስፈልግዎ ነበር» አለኝ። «ሱቁ ድረስ መጥቼ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ እባቡንም፣ ጎርፉንም፣ መኪናውንም ስፈራ ኖሬ፣ መፍራት የነበረብኝን አንድ ነገር ሁለት ወር በጀርባዬ አዝዬ ቁመት እየጣለች ነው ስል ከረምኩ። መድኃኒቱ በር ድረስ መጥቶ ሲጠራት ደግሞ አፏን ያፈንኩት በዚሁ እጄ ነው።

ገበየሁና ጓደኞቹ ማንም ሳይነግራቸው ከጎማው ሥር ተነሡ። ገበየሁ ብርቱካንን በሁለት እጁ አቅፎ መኪና ውስጥ አስገባት። ሐጅ ማስተዋልን ወደ ሚስታቸው ይዘው ገቡ።

እስከ ገንዳ ውሃ የአፈሯ ዶክተር አጠገቤ ነበረች፤ ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ያቺ የተበላሸችው ሦስተኛ ሳጥን የተተከለችው ከፍየሎቹ በረት ጀርባ፣ ከግራሩ ሥር ነው። ብርቱካን በሙቀቱ ቤት አልተኛም እያለች ምንጣፍ የምታነጥፈው እዚያው ነው። የዚያ ስንጥቅ እርጥበቱ አይደርቅም፣ ዝንቧም ከሌላው ቦታ ሁሉ የበዛችው እዚያ ነው። ዶክተሯ ከመሬቱ ያየችውን፣ መሐንዲሱ ከሳጥኑ ያነበበውን ሰብስበው ለሐኪሙ ነገሩት፤ ሐኪሙም እዚያ የሚተኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሆዷ ላይ እጁ የቆየው ለዚህ ነው። ሦስት ዶክተር ለምን አስፈለገ እያልን ስንቀልድ የከረምነው እንዲህ ኖሯል።

መሐንዲሱ ከኋላ ተቀምጧል። ገንዳ ውሃ ልንገባ ስንል «ማ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ «እትዬ» አለኝ። «ውሃ ይጠጣሉ?»

መርፌው በቀን ሁለት ነው፣ ለአሥራ ሰባት ቀን። ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ወረቀት አምጥቶ እንድፈርም ጠየቀኝ። እኔ ግን ያን ዕለት ቃል አላሳልፍ አልኩ።

«‹ሊጎዳ ይችላል› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ልብና ጉበት ላይ ጫና አለው። ስለዚህ በየጊዜው እንመረምራታለን።»

«‹እንመረምራታለን› ማለት? እናንተ ስትሉት ምንድን ነው?»

«ደም እንወስዳለን፣ ልቧን እናዳምጣለን።»

«አትከፍቷትም?»

«አንከፍታትም።»

«‹ክትትል›ስ?»

ያ ቃል የሚቆጥር ሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠና አንድ በአንድ ነገረኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ይጉረምረም። ስሜን በሙሉ ከነአባቴ፣ ፊደል ሳልዘል ጻፍኩ።

ሐኪሙ በየጥቂት ቀኑ ሆዷን እየዳሰሰ ጣፊያዋ የደረሰበትን በእስክርቢቶ ያሰምርባት ነበር። የመጀመሪያው መስመር እምብርቷ ጋ ነው። መስመሯ እንዳትጠፋ ብዬ ልጄን ሳላጥባት ሰነበትኩ፤ ነርሷ ተቆጣችኝ፣ በመስመሩ ዙሪያ ዙሪያውን አጠብኳት። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጣት ያህል ወደ ላይ ሸሸ። ሦስተኛው ሲሰመር ብርቱካን ቆሎ አምጭልኝ አለች። ከፋሲካ ወዲህ አምጭልኝ ያለችው የመጀመሪያው ነገር ነው። ቆሎ ፍለጋ ስሮጥ ጉልበቴ አላመመኝም።

ክረምቱ አልፎ ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ ለመጨረሻው ምርመራ ተመለስን። አልጋው ላይ ተጋደመች። ሐኪሙ እጁን ሆዷ ላይ አደረገ። እንደዚያ ቀን ቆየ። ተጫነ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ተመለሰ።

«የለም» አለ።

«የለም ማለት? ምኑ ነው የለም? ማን ነው የለም?»

«ጣፊያዋ በእጅ አይዳሰስም። ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ድናለች። ከፈለጉ እርስዎም ይዩት።»

በዚያ በሱቁ ጓዳ ለመንካት የፈራሁትን ሆድ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሲያደርግ እንዳየሁት ተጫንኩ፣ ወደ ጎን ሄድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ። ፈለግሁት። ለስላሳ ነው። የለም። ከላይ ጀምሬ እንደገና ፈለግሁት።

«እማ፣ እጅሽ ይኮረኩራል፣ አንሽው» አለችኝ።

አላነሣሁም።